እስከ ሱቄ ብቻ የለካው መለኪያ

አሰላ ውስጥ ለጎረቤት ሱቆች በአንቴና ኢንተርኔት አከፋፍላለሁ። ኢንተርኔቱ በዘገየ ቁጥር «ሌባ» መባል ሲያንገፈግፈኝ፣ ደንበኞቼ በስልካቸው የሚሞክሩት የራሴ የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ይኑረኝ አልኩ። ወይ አዳማ ያለ ጓደኛዬ ቢሮ፣ ወይ ሱቄ ያለው ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙን መጫን ነበረብኝ። ሱቄን መረጥኩ፤ ቅርብ ስለሆነ ቁጥሩ ያምራላ!

በነጋታው የእህል ነጋዴው ጎረቤቴ ደወሉ። የስንዴ ናሙና ፎቶ አዳማ ላለው ገዢያቸው አልሄድ ብሏቸዋል። እየተንጨረጨርኩ መጋዘናቸው ሄጄ በስልካቸው ለካሁ። ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ።

«ይኸው ጋሼ! የኔ መስመር ምን ሆነ?» ብዬ ጮህኩ። ሚዛኑን ከበው የቆሙት ገበሬዎች ዞር ብለው አዩኝ።

እሳቸው አልጮሁም። «የለካኸው ከየት እስከ የት ነው?»

«ከእርስዎ እስከ ሱቄ።»

«ገዢዬ ያለው አንተ ሱቅ ነው እንዴ?»

ስልካቸውን መልሼላቸው ወጣሁ። በዚያው ሳምንት መለኪያውን አዳማ ወስጄ ጓደኛዬ ቢሮ ጫንኩትና ተመልሼ ከሱቄ ለካሁ። ቁጥሩ ተንፏቀቀ። ከሱቄ ወደ ውጭ የምትወጣዋን አንዲት መስመር ለስንት ሱቅ እንደቆራረስኳት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ውጤቱን ላሳያቸው ስልኬን ይዤ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ፤ በሩ ላይ ስደርስ ኪሴ ከተትኩት።