ቲቢ ያልነበረው ሳል

ታላቅ ወንድሜ የቲቢ መድኃኒታቸውን ሊጨርሱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ደም ተፉ። መድኃኒቱን ያስጀመርኳቸው እኔ ነበርኩ።

በወገራ ገጠር ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። አባታችን የሞቱት እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሆነ ያሳደጉኝም ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የሚበልጡኝ በአሥራ አምስት ዓመት ነው፤ ግን አንድም ቀን አንተ ብያቸው አላውቅም። አያ ነው የምላቸው።

መጀመሪያ ሲመጡ ሳል፣ ትኩሳትና ላብ ነበራቸው። አክታቸው ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ንጹሕ ሆነ። ጎንደር ሄደው የተነሡት ራጅ ግን በቀኝ ሳንባቸው ግርጌ ጥላ አሳየ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል። ደረታቸውን ሳዳምጥ በቀኝ በኩል ብቻ ቀጭን ፉጨት ሰምቻለሁ። አስም ቢሆን ኖሮ በሁለቱም በኩል ይሰማ ነበር። ካርዳቸው ላይ ጻፍኩትና አለፍኩት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳቱ ሲጠፋማ ልቤ አረፈ።

ደም የተፉ ዕለት የገበያ ቀን ነበር። አያ በወረፋ ጠባቂዎቹ መሐል አልፈው የክፍሌ በር ላይ ቆሙና የጋቢያቸውን ጫፍ ገልጠው አሳዩኝ። ደማቅ፣ ትኩስ ደም ነው።

«ድነዋል ብለኸኝ አልነበረም?» አሉኝ።

ወደ ጎንደር የሚልካቸውን ወረቀት መጻፍ ጀመርኩ።

በዚያ ሰሞን የጎንደር መንገድ አንድ ቀን ቢከፈት ሁለት ቀን ይዘጋል። ሁለት ቀን ጠበቅን። አያ ባሳላቸው ቁጥር ዓይኔ ወደ እጃቸው ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ሚኒባስ ተገኘና ተሳፈርን። ጎንደር መግቢያ ወለቃ ስንደርስ ሳሉ ተነሣባቸው። ከጎናችን የተቀመጠች ሴት በነጠላዋ አፏን ስትሸፍን አያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ጎንደር ላይ የተቀበለችን የሳንባ ሐኪም ወጣት ናት። ማዳመጫዋን በአያ ቀኝ ጀርባ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ቆየች።

«ቲቢ ነው ያለው ማነው?»

ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጠዋል። «እኔ ነኝ፣ ዶክተር» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። «ፉጨቱ ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው። የሆነ ነገር የአየር ቧንቧቸውን ዘግቷል» አለችና ሲቲ ስካን አዘዘች።

ሲቲ ስካኑ በቀኙ ሳንባ ቧንቧ ውስጥ የተቀረቀረ ክብ ነገር አሳየ። ምንነቱን ለማወቅ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ወደ ሳንባቸው አስገብቶ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ባለሙያ በመሆኔ አጠገባቸው እንድቆም ሐኪሟ ፈቀደችልኝ። በስክሪኑ ላይ ቧንቧው ተከፍቶ ታየ፤ ጫፉ ላይ ለስላሳ፣ ድብልብል፣ ቀይ እብጠት መንገዱን ዘግቶ ተቀምጧል።

«እንዲህ ያለው ሲነካ ይደማል» አለች ሐኪሟ ለረዳቷ ነርስ። «ቀዝቃዛውን ውኃ አቅርቢልኝ።»

ቆንጥራ ስታወጣ ስክሪኑ በአንዴ ቀይ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ምንም አይታይም። ደሙ አያን አነቃቸው፤ እግራቸው አልጋውን መታ። የኦክስጅኑ ቁጥር ወረደ፤ እንደገና ወረደ።

«በቀኝ ጎናቸው!» ብላ ጮኸች።

እኔና ነርሷ ገለበጥናቸው። ሐኪሟ ቀዝቃዛውን ውኃ፣ ቀጥሎም ደም የሚያቆም መድኃኒት በቱቦው ላከች፤ ደሙን መጠጠች፤ ደግማ ላከች። ትከሻቸውን እንደያዝኩ የማውቀው ጸሎት ሁሉ ጠፋኝ። ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። ስክሪኑ ቀስ እያለ ጠራ፤ ቁጥሩም ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ሐኪሟ ግንባሯን በክንዷ ጠርጋ «ናሙናውን አግኝተናል» አለች።

ውጤቱ ግን ቶሎ አልመጣም። ጎንደር ያሉት ባለሙያዎች የጠረጠሩትን ለማረጋገጥ ናሙናውን ለልዩ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላኩት። አያ አገራቸው ገቡ፤ ባለቤታቸው ጠበል ወሰዷቸው። አንድ ቀን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፉጨቱን መስማቴን፣ ጽፌ ማለፌን።

ዓይናቸውን ወደ እርሻቸው አዞሩ።

«ይቆጡኝ እንጂ፣ አያ።»

«ሆዴ እየነደደ ያን ሁሉ ወር መድኃኒቱን የዋጥሁት አንተ ስላልከኝ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ከወትሮው ከፍ አላለም። ከዚያ «ሌላም ሰው እንዲህ አድርገሃል?» ብለው ጠየቁኝ።

አላውቅም ነበር። በማግስቱ የቲቢ መዝገቡን አውጥቼ አክታቸው ንጹሕ ሆኖ መድኃኒት የጀመሩትን አንድ በአንድ አየሁ። ሁለቱ አልተሻላቸውም። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጎንደር እንዲታዩ ላክኋቸው። አንደኛው በእርግጥም ቲቢ ነበረበት። ሌላዋ ግን የልብ ሕመምተኛ ሆና ተገኘች። ያችን ሴት ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ውጤቱ የደረሰ ቀን ሐኪሟ ራሷ ደወለችልኝ። «እሳቸውን ይዘህ ና» አለች እንጂ ሌላ አልጨመረችም።

ከፊቷ ተቀምጠን «ካንሰር ነው» ስትል የአያ እጅ ጉልበታቸውን ጨበጠ። «ግን ብዙ ጊዜ የማናየው ዓይነት የሳንባ ካንሰር ነው። ካርሲኖይድ ይባላል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያድግ። ወደ ሌላ ቦታ ካልሄደ ተቆርጦ ሲወጣ ሊድን ይችላል።»

«ምን ያህሉ ነው የሚቆረጥ?» አሉ አያ።

«የቀኝ ሳንባዎ የታችኛው ክፍል።»

«በቀረው አርሳለሁ?»

«ወዲያው አይሆንም። ቀስ በቀስ ግን ተስፋ አለኝ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ብትሆን ትቆረጥ ነበር?»

«እቆረጥ ነበር፣ አያ። ግን እኔን ሳይሆን እሷን ይስሙ።»

«ሁለታችሁንም ሰማሁ» አሉ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው «ይሁን» አሉ።

ለቀዶ ሕክምናው ደም የሚሰጡ ዘመዶች ከወገራ መጡ። አያን ጠዋት አስገቧቸው፤ እኔን በሩ ላይ መለሱኝ። ባለቤታቸውና እኔ ኮሪደሩ ላይ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ እንላለን። ቀትር ላይ አንዲት ነርስ ወጥታ ወደ ደም ባንኩ ሮጠች። ማን እንደላካት፣ ለማን እንደሆነ መጠየቅ አቃተኝ። ባለቤታቸው ክንዴን ይዘው «ለሱ ነው?» ቢሉኝ «አይደለም» አልኩ፤ አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሐኪሙ ወጣ። «ደም ፈስሶባቸው ነበር፤ አቁመነዋል። እብጠቱ ከነሥሩ ወጥቷል» አለ። ባለቤታቸው ተደፍተው መሬቱን ሳሙ።

በማግስቱ ደረታቸው ላይ ቱቦ ተተክሎ፣ በሕመም ላብ እያጠመቃቸው፣ ሳንባቸው እንዲከፈት ይሳሉ አልኳቸው።

«ስድስት ወር ሙሉ ሳሉን ላጥፋልህ ስትለኝ ኖረህ ዛሬ ሳል ትለኛለህ?» ብለው ሊስቁ ሲሉ ቁስሉ ያዛቸው። ከሳንባው አጠገብ ተነቅለው የተመረመሩት ንፍፊቶች ንጹሕ መሆናቸውን፣ ካንሰሩም አለመሰራጨቱን የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ክረምት ጎረቤት አረሰላቸው። ዘንድሮ ገብሳቸውን ራሳቸው ዘርተዋል፤ እያንዳንዱን ትልም ሲጨርሱ ቆመው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ይህ ዓይነቱ ካንሰር ከዓመታት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል በየዓመቱ ጎንደር እየሄድን ሲቲ ስካን እናስነሣለን። ያ ወረቀት እስኪሰጠን ድረስ ሁለታችንም አንነጋገርም።

ባለፈው ወረቀቱን ተቀብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ምን ይላል?» አሉ።

«ሸጋ ነው፣ አያ።»

«ሸጋ ያልከው አንተ ነህ ወይስ እሷ?»

«እሷ ናት።»

ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አጣጠፉት። «እንግዲያው እንሂድ፤ መንገዱ ሳይዘጋ» አሉና ከፊቴ ቀድመው ወጡ።