የሳተላይቱ ነጂ በጻይልስሃይም

እዚህ ጀርመን አገር፣ የጠዋት ቱሬ ጻይልስሃይም ወደሚባለው ሰፈር ከተዛወረ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ቱር የምንለው በየቤቱ እየዞርን አረጋውያንን የምንረዳበትን መስመር ነው። አራተኛው ቤቴ የአንድ ኤርትራዊ አባት ቤት ነበር። ረጅምና ቀጭን ናቸው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ጢማቸውን በየቀኑ ይላጫሉ። የእኔ ሥራ እግራቸው እንዳያብጥ ጠባቡን ካልሲ ማልበስ፣ ደም ግፊታቸውን መለካትና መድኃኒታቸውን መዋጣቸውን ማየት ነው። ለዚህ ሁሉ የተፈቀደልኝ ሃያ ደቂቃ ነው። ሰዓቱ እንዲመዘገብ ስገባ ሃንዲዬን፣ ስልኬን ማለት ነው፣ እነካለሁ፣ ስወጣም እነካለሁ።

አማርኛቸው የትምህርት ቤት አማርኛ ነው፤ ጥርት ያለ፣ አልፎ አልፎ ትግርኛ ጣል የሚያደርጉበት። አንድ ቀን ካልሲውን እየጎተትኩ፣ ዝም ከማለት ብዬ፣ "አባባ፣ ድሮ ሥራዎ ምን ነበር?" አልኳቸው።

"ሳተላይት እነዳ ነበር" አሉኝ።

"ምን አሉኝ?"

"ሳተላይት። ሰማይ ላይ የሚዞረውን። አሥራ ስምንት ዓመት።"

ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። የቀልድ ምልክት የለበትም። እኔ ደግሞ በሥልጠናዬ ጊዜ ሽማግሌዎች ሲዘባርቁ አለመከራከርን ተምሬአለሁ። "ጥሩ ሥራ ነው" ብዬ ተነሣሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ ግን ሃንዲዬ ላይ ባለው የታካሚዎች መዝገብ ውስጥ ጻፍኩ፦ ታካሚው ሳተላይት ይነዱ እንደነበር ይናገራሉ፤ የመርሳት ምልክት ሊሆን ይችላል። ሥራዬን በደንብ የሠራሁ መሰለኝና ወደ አምስተኛው ቤት ሄድኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ክንዳቸው ላይ የግፊት መለኪያውን ስጠመጥም ራሳቸው ወሬውን ጀመሩ።

"ትናንት ሐኪሙ ጋ ቴርሚን ነበረኝ። ቀጠሮው ላይ ሰዓት ሣል አለኝ።"

"የምን ሰዓት?"

"የግድግዳ ሰዓት። የማስታወስ ፈተና ነው። ክብ ሣልኩ፣ ቁጥሮቹን አስገባሁ። 'አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አድርገው' አለኝ። 'በእኛ አቆጣጠር ነው በእናንተ?' ብዬ ጠየቅሁት። እሱንም ጻፈው።"

ልስቅ ነበር። "ለምን ፈተኑዎት ግን?" አልኩ፣ መልሱን እየፈራሁ።

"አንድ ሰው ይቃዣሉ ብሎ ጽፎብኛል። ልጄ ሰምታ አለቀሰች።"

የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። በምትኩ፣ ግማሹ ከሐፍረት፣ ግማሹ ከምር ለማወቅ፣ "እንዴት ነበር የሚነዱት?" አልኳቸው።

የቁም ሳጥኑን የታች መሳቢያ እንድከፍት ነገሩኝ። አንድ ወፍራም ደብተርና አንድ ፎቶግራፍ አወጣሁ። ፎቶው ላይ ጥቁር ጢም ያለው ወጣት ከብዙ ስክሪኖች ፊት ተቀምጧል። አፍንጫው የእሳቸው ነው፣ ጆሮው የእሳቸው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቶቹን ተራ አዛወርኩና የእሳቸውን ቤት ከእረፍቴ በፊት አደረግሁት። ካልሲውን አልብሼ፣ ሃንዲዬን ነክቼ፣ ዳቦዬን እዚያው ኩሽናቸው ውስጥ እየበላሁ እጠይቃቸዋለሁ። አስመራ ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች ካቋቋሙት የሬዲዮ ጣቢያ ሙያ ተምረው፣ አገር ሲታመስ ወጥተው፣ ከማድሪድ ወጣ ብሎ ባለ ጣቢያ ሥራ አገኙ። ሳተላይቱ ቴሌስኮፕ የተሸከመ ነበር። ሥራው ዓይን የማያየውን፣ ከሐምራዊው ቀለም ወዲያ ያለውን ብርሃን መልቀም ነው።

"ፀሐይ ላይ ስትውይ ቆዳሽን የሚያቃጥለው ብርሃን አለ አይደል? ኮከቦችም እሱን ይልካሉ። ግን አብዛኛውን አየሩ ያስቀረዋል፣ እዚህ አይደርስም። ስለዚህ ቴሌስኮፑን ከአየሩ በላይ አወጡት።"

"እርስዎ ደግሞ ከታች ሆነው ይመሩታል?"

"እንግዳው ተመራማሪ አጠገቤ ይቀመጣል። 'ያቺን ኮከብ' ይላል። እኔ ትእዛዙን እሰጣለሁ፤ ሳተላይቱ መጀመሪያ በአንድ በኩል፣ ቀጥሎ በሌላው በኩል ቀስ እያለ ይዞራል። ውጭ ፀሐይ እያቃጠለ፣ እኛ በቀን ኮከብ እናያለን። ተራችን ሲያልቅ ባሕር ማዶ ላለው ጣቢያ እናስረክባለን።"

የተሠራው ለሦስት ዓመት እንዲያገለግል ነበር። ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ ሠራ። እንዴት ሆኖ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ቁርስ ፈጀብኝ። ወዴት እንደዞረ የሚነግሩት ጋይሮስኮፕ የሚባሉ የሚሽከረከሩ መሣሪያዎች ነበሩት፤ ስድስት። ቢያንስ ሦስት ያስፈልጉታል። አንድ በአንድ እየሞቱ ሄዱና አራተኛውም ሲሞት ሁለት ብቻ ቀሩ።

"ታዲያ ምን አደረጉ?"

"እኔ? ምንም። ባሕር ማዶ ያሉት መሐንዲሶች ይህ ቀን እንደሚመጣ ገምተው መላውን አስቀድመው አዘጋጅተው ነበር። ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች የሚያይ ትንሽ መሣሪያ ነበረው፤ የጎደለውን በእሱ ተኩት። እኛ ስልኩ አጠገብ ተቀምጠን ጠበቅን። በኋላ ተደወለና ሳተላይቱ እንደገና ኮከብ ይዟል አሉን።"

"ምንም" ያሉበት ቀን ነው ሙሉ በሙሉ ያመንኳቸው። የሚቃዥ ሰው ራሱን ከታሪኩ መሐል አያወጣም።

መጨረሻውንም ጠየቅሁ። ተበላሽቶ እንዳልሆነ ነገሩኝ። አዳዲስ ሳተላይቶች መጥተው ነበርና እንዲዘጋ ተወሰነ። "የዚያን ቀን ተረኛ አልነበርኩም። ግን ሄድኩ። ትእዛዙ ተላከ፣ ስክሪኑ ላይ የነበረው ምልክት ጠፋ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ እጄ አልነሣ አለኝ።"

"አሁን የት ነው?"

"እዚያው ነው። በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ አይወድቅም። ይዞራል እንጂ አይናገርም።"

በማግስቱ ጠዋት ካልሲውን ገና ሳልጀምር መሬት ላይ እንደተንበረከክሁ፣ "አባባ፣ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"ከአንቺ ሌላ ማን ይገባል እዚህ ቤት?"

"ዐውቀው ነው ዝም ያሉኝ?"

"መጠየቅ ጀመርሽ። የምትጠይቅ ልጅ መቼ አገኘሁና ላባርር።"

መዝገቡ ውስጥ፣ ከዚህ ቀደም የጻፍኩት ስሕተት ነው፣ ታካሚው በእርግጥ የሳተላይት ኦፕሬተር ነበሩ ብዬ አረምኩ። ለልጃቸውም ደወልኩ። ኦስትኤንድ የሚባል ሰፈር ባለ መሥሪያ ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ በአማርኛ ሲያናግሯት በጀርመንኛ የምትመልስ ሴት ናት። ቅዳሜ መጥታ ፎቶውን ይዛ ቆመች። ሥራዬ ኮምፒውተር ነው ሲሏት ነበር የኖሩት። "ለምን አልነገርከኝም?" አለቻቸው በጀርመንኛ። "ነግሬሽ ነበር። ስለ ኮከብ ስጀምር እንቅልፍ ይወስድሽ ነበር" አሉ በአማርኛ።

ሪድበርግ የሚባለው ሰፈር ያለው የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ካምፓስ ለሕዝብ ክፍት የሚሆንበት ቀን እንዳለ ያገኘችው እሷ ናት። ሦስታችን ሄድን። አባባ ሱፋቸውን ለብሰዋል፣ ደብተሩን በፌስታል ይዘዋል። በአንድ ኮሪደር ላይ አንዲት ወጣት ተመራማሪ ስለምታጠናው ኮከብ ትልቅ ወረቀት ለጥፋ ታስረዳለች። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ከግርጌ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አነበቡና፣ "ይህ መረጃ የእኛ ነው" አሏት።

ተመራማሪዋ ሣቅ ብላ መረጃው ከቆየ ሳተላይት የመጣ መሆኑን ማስረዳት ጀመረች። "ዐውቃለሁ፣ ከሚነዱት አንዱ ነበርኩ" ሲሏት ላፕቶፕዋን ከፈተች። ከሳተላይቱ የመረጃ ክምችት ውስጥ ጥሬውን ምስል አወጣች። ቀጭን የብርሃን መስመሮች ናቸው፣ በአንድ ጥግ ግን ጭረት አለ።

"ይህ የኮከቡ አይደለም" አሉ አባባ።

"መመሪያው ጣሉት ይላል፣ እኔም እጥለዋለሁ። ምክንያቱን ግን አላውቅም።"

"ካሜራው ነው። ምስሉ ከእሱ ተነብቦ ወደ ምድር ሲላክ አንዳንዴ ካሜራውን ይነዝረዋል። መስመር በመስመር ሲመጣ እያየነው ነበር፤ መጣ መጣ እንልና ጭረቱ ይወጣል።"

ተመራማሪዋ ወንበር አመጣችላቸው። የምስሉን ቁጥር ጠይቀዋት ደብተሩን ሰጡኝ፤ የእርሳስ ጽሕፈታቸው ስለደበዘዘ በመነጽርም ማንበብ ካቆሙ ቆይተዋል። ገጾቹን ገለበጥኩ። ቁጥሮቹ በየሥራ ቀኑ ተደርድረዋል፣ ከጎናቸው ያለው ማስታወሻ በአማርኛ ነው። ለምን በአማርኛ እንደጻፉት በኋላ ስጠይቃቸው፣ "አለቃዬ እንዳያነበው" ነው ያሉኝ። ቁጥሩን አገኘሁትና ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ ጭረት አለው። እንግዳዋ ድገሙልኝ አለች፣ ጊዜው አልቆ ነበር። አዘነች።

ለተመራማሪዋ በጀርመንኛ ተረጎምኩላት። ሌላ የምስል ቁጥር ሰጥታ እሱንም እንዳነብላት ጠየቀችኝ። የአባባ ልጅ ፊደሉን ማንበብ አትችልም፤ ጣቷን አምጥታ ቃሎቹ ላይ አስቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ሐሙሶች ከሥራ ስወጣ ከአባባ ጋር ወደ ሪድበርግ እንሄድ ነበር። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ያብራራሉ፣ ተመራማሪዋ ትጽፋለች። አንዳንዱን የሙያ ቃል በጀርመንኛ ስለማያውቁት በስፓኝኛ ይሉታል፤ ያኔ ሦስታችንም ስልክ ላይ እንፈልጋለን። ጥናቷን ስትጨርስ የታተመውን ይዛ ጻይልስሃይም ድረስ መጣች። የምስጋናው ገጽ ላይ የሁለታችንም ስም ነበር። አባባ አንዴ እንዳነብላቸው፣ ከዚያ ደግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝና መድኃኒታቸውን ዋጡ።

እኔም አሁን አዲስ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ሥራቸውን ነው፤ መልሱን ሳላጣራም አልጽፍም። ከአባባ ሁለት ቤት ወረድ ብለው የሚኖሩት ጀርመናዊት፣ ዓመት ሙሉ ስለ አየር ጠባይ ብቻ ያዋራኋቸው፣ ከሰፈሩ አጠገብ ባለው ኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ቀለም ይመረምሩ እንደነበር ባለፈው ሰኞ ነገሩኝ። ሰማያዊን ከሰማያዊ በዓይናቸው ብቻ ይለዩ ነበር አሉ። ስንት ዓይነት ሰማያዊ እንዳለ ጠየቅኋቸውና መስኮቱን እንድከፍትላቸው ነገሩኝ፤ በደንብ ለማሳየት የቀን ብርሃን ያስፈልጋል አሉ።