የሱኪነም ጡቦች

ሱኪነም ጭቃ መርገጥ የጀመረችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በባንቱል ወረዳ፣ በኦፓክ ወንዝ ዳር ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ የቆሙት በእሷ ጡብ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ እቶኑን በሩዝ ገለባ የምታነደው ብቻዋን ነው። በመንደሩ ስታልፍ ግድግዳዎቹን እያየች ኩራት ኩራት ይላት ነበር።

አማቷ እማማ ቱሚራህ ግን ከቀርከሃ ጎጇቸው አልወጣም አሉ። ጃፓኖች አገሩን በያዙበት ዘመን ምድር ስትናወጥ አይተዋል።

«ቀርከሃ ይንገዳገዳል እንጂ ሰው አይገድልም» ይላሉ።

«እማማ ደግሞ! እርስዎን የሰማ ዶሮ ቆጥ ላይ ይደር?» እያለች ትስቅባቸዋለች።

ጎረቤቷ ዋርሲቲ የቀርከሃ ቤቷን አፍርሳ በጡብ ልትሠራ ስትነሳ ግን ፈራ ተባ አለች። «እትዬ፣ ፌሮ ካልገባበት አይሆንም ይላሉ እኮ።»

«ፎቅ ለሌለው ቤት ምን ፌሮ ያስፈልጋል? ዝሆን ቢገፋው አይነቃነቅ!» አለቻት ሱኪነም። ዋርሲቲ አመነቻት፤ ቤቱ ያለ ብረት ቆመ።

እሳተ ገሞራው መራፒ ተራራ ሲያጨስ በሰነበተበት ዓመት፣ በግንቦት ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሱኪነም ደጅ ያሰጣችውን ጡብ ስታገላብጥ ምድር አጓራች። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። የመጣው ግን ከእግራቸው ሥር ነበር። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። አቧራው ገለል ሲል የእማማ ቱሚራህ ጎጆ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ ቆሟል፤ የዋርሲቲ ቤት ክምር ሆኗል።

«እትዬ... ግድግዳው እግሬ ላይ ነው» የሚል ድምፅ ከሥር ተሰማ።

«አይዞሽ፣ መጣሁልሽ!»

ጡቡን በሁለት እጇ እየመነገለች ትወረውር ጀመር። ጥፍሯ ተነቀለ። የዋርሲቲ ክንድ ብቅ ሲል ግን ከደቡብ፣ ከባሕሩ በኩል ሞተር ብስክሌቶች እየከነፉ መጡ፤ «ባሕሩ መጣ! ባሕሩ መጣ!» እያሉ። ከዓመት ተመንፈቅ በፊት የአቼን አገር ባሕር እንዴት እንደዋጣት ገና ከሰው ልብ አልወጣም።

«እትዬ፣ ጥለሽኝ አትሂጂ!»

ሱኪነም የአማቷን እጅ ይዛ ሮጠች።

ባሕሩ አልመጣም። ወሬው ሐሰት መሆኑ ታውቆ ስትመለስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ተጣራች፤ የመለሰላት የለም።

የዋርሲቲ ልጅ ሩሚኒ ያን ቀን ከተማ ሥራ ላይ ነበረች። እናቷ ወዲያው እንደሞተች ተነገራት። ሱኪነምም እውነቱን አልነገረቻትም። አንድ ቀን ለአማቷ ልታወራቸው ብትጀምር፣ «ለልጅቷ ያልነገርሽው ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ብለው አቋረጧት።

በዓመቱ ሩሚኒ ቤት ልትሠራ ጡብ ፍለጋ መጣች።

«ጡብ እሰጥሻለሁ» አለች ሱኪነም። «ግን በአራቱም ማዕዘን ፌሮ ይግባበት። እናትሽን አያስፈልግም ያልኳት እኔ ነኝ።» አንገቷን ደፋች። «ደግሞ... ወዲያው አልሞተችም። እያናገረችኝ ነው ጥያት የሮጥኩት።»

ሩሚኒ ከቁልሉ ያነሳችውን ጡብ መልሳ አስቀመጠች።

«ምን አለችዎት?»

«አትሂጂ አለችኝ።»

ልጅቷ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ሱኪነም ከእንግዲህ አትመለስም ብላ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ሩሚኒ ጡቡን የሚጭን መኪና ላከች። ግንበኞቹ ብረቱን ሲያስሩ ሱኪነም ከቦታው አልጠፋችም፤ ያልጠበቀ ሽቦ ባየች ቁጥር «ፍታው! እንደገና እሰር!» እያለች አሰለቸቻቸው።

የቤቱ ምርቃት ዕለት ሱኪነም አልተጠራችም። ወደ ማምሻው ላይ ሩሚኒ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝና ዶሮ ይዛ መጣች።

«ግቢ እንዳይሉኝ» አለች ከደጃፉ። «አልገባም።»

«እሺ ልጄ።»

ሱኪነም ምግቡን በሁለት እጇ ተቀበለች። ልጅቷ ከዓይኗ እስክትሰወር ቆማ አየቻት፤ ከዚያ ተቀምጣ ሩዙን አንዲት ፍሬ ሳታስቀር በላች።