የሥራነሽ አረንጓዴ ሽሮ

የዓለምዘርፍ ወደ ሰው ማጀት ታማትራለች ይሏት ነበር፤ አልዋሹም። ጣልያን አርበኞችን ለመበቀል የደምበጫን ገጠር ክምር ባቃጠለ ዓመት ደግሞ ዓይኗ ከጎረቤቷ ከሥራነሽ ልጆች ጉንጭ ላይ አልነሣ አለ። የሁለቱም ባሎች ዱር ገብተዋል፤ የሁለቱም ጎተራ ባዶ ነው። ታዲያ የነዚያ ጉንጭ በምን ሞላ? በእርግጥ የእሷም ልጅ ማሬ ከተኛችበት ተነሥታ መሯሯጥ ጀምራ ነበር። ያ ግን እሷ ራሷ የምትበጠብጥላት የተልባ ውሃ ሥራ ነው፤ ለሰሚው ሁሉ ይህንኑ ትናገራለች።

አንድ ጠዋት ሥራነሽን ተከትላት ሄደች። ሥራነሽ ከብት ጨው ሲያምረው ከሚነዳበት ፍል ውሃ ዘንድ ጎንበስ ብላ፣ ኩሬው ላይ እንደ ወተት ስልባቦት የረጋውን አረንጓዴ ነገር በነጠላ ታጠልላለች። ጨምቃ ድንጋይ ላይ ታሰጣዋለች። የሥራነሽ ሽሮ መልኩ አረንጓዴ የሆነበት ምክንያት ያን ቀን ገባት።

ቅናት ሆዷን በላው። እኔ ያላወቅሁትን እሷ ታውቀው? ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበርና ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ ቄስ ወልደ ሰንበት ሄደች።

«አባቴ፣ ሥራነሽ በጾም ልጆቿን የእንቁራሪት እንቁላል እያበላች ነው። በዓይኔ አይቻለሁ» አለቻቸው። አምናበት ይሁን ቀንታ ራሷም አልለየችውም።

ቄሱ ሥራነሽን አስጠሩ።

«የውሃ ቅጠል እኮ ነው አባቴ፤ ነፍስ የለውም» አለች። «እናቴ በክፉ ቀን ከላሞች ነው የተማረችው። ያን የላሱት ከሲታዎች ጠጉራቸው ሲያምር አይታ።»

ቄሱ ግን አንዴ ጠርጥረዋልና ማንም እንዳይቀምሰው ገዘቱ። የዓለምዘርፍ ደስ አላት፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች።

የሥራነሽ ልጆች ጉንጭ ጎደለ። ከእነሱ ቀድማ ግን ማሬ ወደቀች። ተልባው ቢበጠበጥ፣ ቢበጠበጥ ዋጋ አጣ።

«ምን ላምጣልሽ፣ የኔ እናት?» አለቻት የዓለምዘርፍ።

«እታለም ሥራነሽ ያንን አረንጓዴውን አትሰጠኝም?» አለች ልጅቱ ድምጿ ሰልሎ። «በፊት እኮ በየቀኑ ነበር የምታበላኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ይከፋታል ብላኝ ነው።»

የዓለምዘርፍ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በቀጥታ ቄሱ ዘንድ ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ ቀንቼ ነው አለች፣ እንቁላል አላየሁም አለች። ቄሱም ስግደት ቀጥተዋት ግዝቱን ፈቱት። ፍል ውሃው ዘንድ ስትደርስ ሥራነሽ ግዝቱ መፈታቱን ሰምታ ቀድማታለች። የነጠላውን ሌላኛ ጫፍ አስያዘቻትና አብረው አጠለሉ።

ማሬ ድና አደገች፤ ተዳረች፤ ወለደች። የዓለምዘርፍም አርጅታ እስክትሞት ድረስ ሥራነሽን ደግ ሴት ናት እያለች በየደረሰችበት ታመሰግናት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ከሆዷ አልወጣላትም፤ ልጇን ያተረፋት የሌላ ሴት እጅ መሆኑ። በዚያም ቀናች።