የእትዬ አስካለ መቀነት

"እማማ፣ መቀነት ታጥቀዋል?"

ዛሬ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር በምሠራበት ክሊኒክ፣ የአንዲት አዛውንት ወገብ ልለካ ሜትር ስዘረጋ መጀመሪያ ያልኳቸው ይህን ነው። "በምን አወቅሽ?" ብለው ሳቁ።

ያወቅኩት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ ለአበሻ ታካሚዎች ሳስተረጉም ነው።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ለምርመራ ሄደው፣ ነርሷ አንገታቸውን፣ ወገባቸውንና ዳሌያቸውን ከነቀሚሳቸው ለካች። ከቁመታቸው ጋር አድርጋ የሰውነታቸውን ስብ አሰላችና "ግማሽ ሰውነትሽ ስብ ነው" አለቻቸው።

"ቀኑን ሙሉ የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ እየዋልኩ፣ ስቡ ከየት መጣ?" አሉ። ተረጎምኩ። ነርሷ "ሜትር አይዋሽም" አለች። እሱንም ተረጎምኩ። አስተርጓሚ ነኛ!

እትዬ አስካለ እራት መብላት ተዉ። በሳምንቱ ባስ ውስጥ ራሳቸውን ስተው ወደቁ።

ልጠይቃቸው ቤታቸው ስሄድ ከቀሚሳቸው ሥር የታጠቁትን መቀነት እየፈቱ ሳለ ደረስኩ። ዙሩ አላልቅ አለ። አምስት ዙር!

"ሲለኩ ይሄን ታጥቀው ነበር?"

"ታዲያ ሰው ፊት ይፈታል እንዴ?"

በማግስቱ ሺፍቴን ካንስል አድርጌ ይዣቸው ተመለስኩ። በር አዘግቼ፣ መቀነቱን አስፈትቼ እንደገና አስለካኋቸው። ስቡ በብዙ ቀንሶ ተገኘ። ነርሷ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። እኔም በኋላ ራሴ ክሊኒክ ተቀጥሬ መለካት ስጀምር፣ ሳልጠይቅ ለክቼ አላውቅም።

የዛሬዋ እናት መጋረጃውን ስዘጋላቸው ፈቱ። ቁጥሩ ወረደ። ወረቀቱን አዩና "ይሄን ሁሉ ዓመት ወፍራም ነሽ ሲሉኝ፣ አንድም ሰው አልጠየቀኝም" አሉኝ።

እናንተስ? እናታችሁ ምን እንደታጠቀች ሳትጠየቅ የተጻፈባት ቁጥር አለ? ጻፉልኝ። ከዚያ በፊት ግን ደውሉላትና ጠይቋት።