የርስቱ ፊልም

የገና በዓል ሲደርስ ሰው ሁሉ ደግሞ ደጋግሞ የሚያየው ፊልም አለው አሉ። እኛም አለን፤ አንድ ብቻ። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር የታኅሣሥ ብርድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጾም ተፈትቶ ዶሮው ከተበላ በኋላ ያንኑ ፊልም ስናይ አሥራ ምናምን ዓመት ሆነን። ርዕሱን አትጠይቁኝ። ዲስኩ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቆ ጠፍቷል። እኛ "የርስቱ ፊልም" ነው የምንለው።

ያመጣው አባቴ ነው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ መካኒክ ሳለ ማሽን ሊተክል የመጣ አንድ ፈረንጅ ነበር፤ አባቴ ስምንት ወር ሙሉ የመፍቻ ሳጥኑን ተሸክሞ አብሮት ዋለ። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ካፖርትና አንድ የገና ፊልም ሰጠው። ካፖርቱ ሁለት አባቴን ያክል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አባቴ በሰፈሩ እንግሊዝኛ አዋቂ ተባለ። ከዐረብ አገር ማሞቂያ የተላከለት፣ ስልክ የተላከለት ሁሉ መመሪያውን ይዞ ወደ እኛ ቤት ይመጣል። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን አገላብጦ ያያል፣ ያያል፣ ከዚያ "ውሃ እንዳይነካው ነው የሚለው" ይላል። ምን ይባላል፤ ተሳስቶ አያውቅም።

ፊልሙን አብራን የምታየው እትዬ ናት። እትዬ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ስትሆን እነዋሪ ከሚባለው አገር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት ወንድሟ መሬቱን ብቻውን ያዘ፤ እሷም ከሰሰች፣ ተመላለሰች፣ ተረታች። "ሞቼም ቀብሬ ላይ እንዳይቆም!" ብላ ማለች። ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው በዚያው ዓመት ነው። እናቴ ለገና ጎትታ አመጣቻት እንጂ እሷስ ከሳምንት በፊት የተሰጣት ፍርድ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ እህል አልወርድ ብሏት ነበር። እናቴ "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" ብትል፣ ብትለምን፣ ወይ ፍንክች።

ቤቱ ለቅሶ ቤት ሲመስል አባቴ ተነሥቶ ፊልሙን ከፈተ። በረዶ። የእንጨት ቤት። አንድ እግሩን የሚያነክስ ነጭ ውሻ። አንድ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ወረቀት ይዞ በር ያንኳኳል፤ አንዲት ሴት ትከፍትለትና ትጮህበታለች።

"ምን አድርጓት ነው?" አለች እትዬ።

አባቴ ቴሌቪዥኑን አየ። እትዬን አየ። ሳህኗ ላይ የደረቀውን እንጀራ አየ።

"ወንድሟ ነው" አለ። "የአባታቸውን መሬት ብቻውን ሊወስድ፣ ፈርሚልኝ ብሎ መጥቶ ነው።"

"አትፈርሚ!" ብላ ጮኸች እትዬ። በንዴት እጇ ሳህኑ ላይ አረፈና የዶሮ ድርሻዋን ጠራርጋ በላች።

ከዚያ ወዲያ ፊልሙ በዚያው ቀጠለ። መነጽር ያደረገው መላጣ ሐሰተኛ ምስክር ሆነ። ኬክ የምትጋግረው ወፍራም ሴትዮ የሴቲቱ ጠበቃ ናት። ዲስኩ መሐል ላይ ተጭሮ ስለነበር ምስሉ ቆሞ ይንተባተባል፤ አባቴ ሳይደናገጥ "እዚህ ላይ ቀጠሮ ተራዝሟል" ይላል። እትዬ በምሬት ራሷን ትነቀንቃለች። ቀጠሮ ሲራዘም ታውቀዋለቻ!

መጨረሻው ላይ ያ ሰውዬ በረዶ ሲወርድበት ጆንያ ተሸክሞ ይመጣና በሩ ላይ ይቆማል። ሴትዮዋ በመስኮት ታየዋለች። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እህቴ ሆይ፣ በድዬሻለሁ። ከአባታችን መሬት የበቀለውን ይዤልሽ መጥቻለሁ፤ ክፈችልኝ፤ ብርድ ነው" ይላል። እሷ ትከፍታለች። አባቴም ከመቅጽበት ዘሎ ሶኬቱን ይነቅልና "ታረቁ! አበቃ! ብሉ!" ይላል። በየዓመቱ እዚያችው ቦታ ላይ ነው የሚነቅለው። እኔ መብራት ለመቆጠብ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት እትዬ ፊልሙ ሲያልቅ፣ "ያቺ ፈረንጅ እንኳ በሯን ከፍታለች" አለች። በሳምንቱ እነዋሪ ወዳለው ወንድሟ ሰው ላከች። በዓመቱ ገና ዕለት የግቢያችን በር ተንኳኳ፤ ብከፍት አንድ ረጅም ገበሬ ጋቢውን ተከናንቦ፣ አንድ ጆንያ ስንዴ በትከሻው ተሸክሞ ቆሟል። እትዬ ከኋላዬ መጥታ ስታየው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። ከዚያ ወዲህ ገና በመጣ ቁጥር ስንዴውን ይዞ ይመጣል፤ ፊልሙንም አብሮን ያያል። ሰውዬው በር ላይ የሚቆምበት ቦታ ሲደርስ ጋቢውን ዓይኑ ድረስ ይስበዋል።

አሥረኛ ክፍል ስገባ አንድ ቀን ብቻዬን ፊልሙን ከፈትኩት። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል ባይሆንም ለዚህ በቃኝ። ክው አልኩ! ወንድም የለም፤ መሬት የለም። ሴትዮዋ ባለ ሆቴል ናት፤ ሰውዬው ሆቴሉን ሊገዛ ከከተማ የመጣ ነጋዴ ነው። ጆንያው ውስጥ ያለው የሕፃናት መጫወቻ ነው። ሶኬቱ ከሚነቀልበት ቀጥሎ ደግሞ፣ አፌን በቆረጠው፣ ይሳሳማሉ። እንዴት ያለ መሳሳም! ውሻው እንኳ ፊቱን ያዞራል። የአባቴ እንግሊዝኛ ብሎን፣ ቦልትና "ቱሞሮ" ብቻ መሆኑ ያን ቀን ገባኝ።

እኔ ደግሞ ውሸት አልወድም፤ ቱግ ባይ ነኝ። በርሬ ማጀት ገባሁና ለእናቴ ዘረገፍኩላት። እናቴ ሽንኩርቷን መክተፍ እንኳ አላቆመችም። "ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ" አለች። እኔም ያን ሁሉ ዓመት ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም።

ዘንድሮ የዲስኩ ማጫወቻ ገና ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ሞተ። እኔ አዋቂዋ ሳተላይቱን ሳገላብጥ አንድ ጣቢያ ላይ ያንን የሚያነክስ ውሻ በማስታወቂያ አየሁት። ገና ዕለት ከሰዓት! እልል ብዬ ለሁሉም ተናገርኩ። ማስታወቂያው ላይ ምን እንደተጻፈ አንብቤ አልጨረስኩም፤ ወይ ነዶ!

በዓሉ ደረሰ፣ ተበላ፣ ሁላችንም ተቀመጥን። በረዶ፣ ቤት፣ ውሻ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሴትዮዋ በሯን ከፈተችና ጥርት ባለ አማርኛ፣ "ሆቴሌን አልሸጥም አልኩህ እኮ!" አለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ቤት በሳተላይት መጣ።

"ሆቴል?" አለች እትዬ። "የምን ሆቴል?"

አባቴን ላብ አጠመቀው። በደብረ ብርሃን ታኅሣሥ! እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያፈርኩት ለእሱ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን የተቀመጡት በዚህ ፊልም ነው፤ ስንዴው ማጀት የገባው በዚህ ፊልም ነው። አሁን ያ ሁሉ ሊፈርስ ነው ብዬ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ወንድምየው ቀስ ብሎ ዞረ። "ጋሼ፣ ሰውዬው ወንድሟ አይደለም እንዴ?"

"አይደለም" አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። "እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። የመጀመሪያው ዓመት እትዬ ከፍርድ ቤት ወዲህ እህል አልቀምስ ብላ ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። ከዚያ መመለሻ አጣሁ። ይቅር በሉኝ።"

 ቴሌቪዥኑ ስለ ሆቴል ዋጋ ይለፈልፋል። ከዚያ እትዬ ተነሣች፤ ወገቧን ይዛ ቴሌቪዥኑን ገላመጠችው።

"እኔ ወንድሜን ያገኘሁት ለሆቴል ብዬ ነው? እነዚህ ወደ አማርኛ የመለሱት የአዲስ አበባ ልጆች ምን ያውቃሉ! አጥፊልኝ፣ ድምፁን አጥፊልኝ!"

ድምፁን አጠፋሁት። አባቴ ግን መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል። ወንድምየው ጋቢውን አስተካከለና፣ "ይቀጥሉ እንጂ ጋሼ" አለ። "ሰውዬው ብርድ ላይ ቆሟል።"

አባቴ ቀጠለ። መጀመሪያ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሐሰተኛው ምስክር ሲመጣ በረታ። ዲስኩ ይንተባተብበት ከነበረው ቦታ ስንደርስ ምስሉ ሳይቆም አለፈ፤ እትዬ ግን ራሷ "እዚህ ላይ ቀጠሮ ተራዝሟል" አለች። ጆንያው መጣ። "ክፈችልኝ፤ ብርድ ነው" ሲል አባቴ በጋቢው ዓይኑን ጠረገና ሶኬቱን ረሳው። ሴትዮዋ በሩን ከፈተች፤ ሰውዬው ጆንያውን ጣለ፤ እጁን ዘረጋ።  ያኔ እናቴ ከዚያ ጥግ ተወርውራ ሶኬቱን ነቀለችና፣ "ታረቁ! አበቃ! ብሉ!" አለች።

እትዬ ጨለማውን ስክሪን አየት አደረገች። "ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የምታጠፉት። ቆይ፣ ከዚህ በኋላ ምን ያደርጋሉ?"

አባቴ እናቴን አየ። እናቴ እኔን አየች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ እንግሊዝኛ የምታውቀው እኔ ነኛ።

"ስንዴውን ይካፈላሉ" አልኩ።

"ትክክል ነው" አለ አባቴ።