መብረቅ በጋሪ የመጣ ዕለት

ሊይዙኝ የመጡት በምሳ ሰዓት ነበር። ከሁለቱ ሲቪል ለባሾች አንዱ ሽጉጡን አውጥቶ «ውሻውን እሰረው፤ አለዚያ እደፋዋለሁ» አለኝ። ስለዚህ ከእኔ በፊት ውሻዬ ታሰረ።

ጥፋቴ በመምህራን ስብሰባ ላይ «መሬት ለአራሹ» ያሉትን ተማሪዎች ደግፌ መናገሬ ነው። ውሻዬ መብረቅ ጥጃ የሚያክል ነበር። በጉልበቱ ዘመን ሸዋ በር አጠገብ ከጅብ ጋር ተናንቆ አንድ ጆሮውን ከፍሎ ተመልሷል። የሐረር ሰው ጅብን እንደ ጎረቤት ይቆጥራል፤ ለመብረቅ ግን ይህን የነገረው ሰው አልነበረም።

የታሰርኩበት ክፍል ከጣሪያው ሥር ጡብ የምታህል ቀዳዳ ነበረችው። አብሮኝ የታሰረው የድሬ ጠያራ ገበሬ ጀርባውን ሲሰጠኝ ላዩ ላይ ቆሜ የግቢውን በር አያለሁ። ጠያቂ ተከልክያለሁ፤ ስንቅ ግን ይገባል። እናቴ ቀትር ላይ ስንቄን ስታመጣ የምትቆመው ከዘበኞቹ ዳስ ሥር ስለሆነ አትታየኝም። መብረቅ ግን ፀሐይ ላይ ይተኛል። እሱን ካየሁ እናቴ አለች ማለት ነው።

እርጅናውን ያየሁት በዚያች ቀዳዳ ነው። መጀመሪያ የኋላ እግሮቹ ይከዱት ጀመር። ቀጥሎ የአፉ ዙሪያ ሸበተ። ድሮ ኮቴ ሲሰማ ብድግ የሚለው ውሻ፣ ኋላ ኋላ ዘበኛው ተራምዶት ሲያልፍ እንኳ ቀና አይልም ነበር። ቤት ቢሆን ይህን ሁሉ ልብ አልለውም፤ እዚያ ግን ሌላ የማየው ነገር አልነበረኝም።

ከዚያ መብረቅ ጠፋ። ስንቁ ይመጣል፣ ውሻው የለም። ፋሲካ አልፎ ሳለ ወጡ ሁሉ ሽሮና ምስር ሆነ። ዘበኛውን ብጠይቀው «እናትህን ትንሽ ብርድ መቷት ነው። የምታመጣው የጎረቤት ሴት ናት» አለኝ። አመንኩት።

አንድ ቀን ቀትር ላይ የእጅ ጋሪ ድምፅ ሰማሁ። ገበሬው ጀርባውን ሰጠኝ። ጋሪውን የሚገፉት ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚነግዱት ሙስሊም ጎረቤታችን፣ ሽማግሌው ነበሩ። መብረቅ ላዩ ላይ ተዘርግቷል። ጎንበስ አሉና በሁለት እጃቸው አቅፈው አወረዱት። መብረቅ እጃቸውን ላሰ። እሳቸውም አልከለከሉትም።

እኚህ ሰው መብረቅ በጠባቡ መንገዳችን ሲያልፍ ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ነበሩ። «ያዢልኝ! ነጃሳ ነው፤ ሰላቴን ያበላሽብኛል!» ሲሉ እናቴ እየሳቀች አንገቱን ትይዝላቸዋለች። እናቴ በሕይወት ብትኖር፣ ታማም ቢሆን፣ ውሻው አጠገቧ ይተኛ ነበር እንጂ እሳቸው ውሻ አያቅፉም። ሽሮውም ያን ጊዜ ገባኝ፤ ስንቁ የሚመጣው ከእሳቸው ቤት ነበር፤ የእስላም ቤት ሥጋ እንደማልበላ ያውቃሉ። እግሬ ከገበሬው ጀርባ ላይ ተንሸራተተ።

መልሼ ወጣሁና ጮህኩ። ክልክል ነው፤ ደንታም አልነበረኝ።

«አባባ! እናቴ መቼ ነው የሞተችው?»

ወደ ቀዳዳዋ ቀና አሉ። «ማን ነገረህ ልጄ?»

«እርስዎ ነዎት።»

አፋቸውን ሊይዙ እጃቸውን አነሱና፣ የተላሰው እጅ መሆኑን አይተው መለሱት። «ወላሂ፣ የመጣሁት እንዳታውቅ ብዬ ነበር» አሉ። «‹ውሻውን ካየ ደህና ናቸው ይላል› ብላ አደራ ሰጠችኝ። እግሩ እምቢ ሲለው በጋሪ አመጣሁት።»

በእኛ ዘንድ መርዶ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እኔ ግን በገበሬ ጀርባ ላይ ቆሜ ሰማሁት። መብረቅ ድምፄን ሲሰማ ራሱን አነሳ። ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል፤ ጅራቱን አፈሩ ላይ እየመታ ወደ ተሳሳተው ወገን ዞሮ ፈለገኝ። አለቀስኩ።

ዘበኛው በሩን በርግዶ ገባ። ዱላ ሳይቀድመኝ የዕለት ድርሻዬን፣ አንድ ጣሳ ውሃ፣ አነሳሁና «ለሽማግሌው ስጥልኝ። ይታጠቡበት፤ ሰላት ደርሶባቸዋል» አልኩት።

«አብደሃል? እስከ ነገ ምን ልትጠጣ ነው?»

ገበሬው የራሱንም ጣሳ አቀበለው። «ያንተ ብቻ አይበቃም» አለኝ። «ውሻ የላሰው ሰባት ጊዜ ነው የሚታጠበው፤ አንዱን በአፈር።»

ዘበኛው የሌላ አገር ሰው ነው፤ ነገሩ አልገባውም። ሁለቱን ጣሳዎች ይዞ ወጣ እንጂ አልመታኝም።

ሽማግሌው እጃቸውን በአፈር አሹ፣ ታጠቡ፣ ደጋግመው ታጠቡ። ከአጥሩ ሥር ጋቢያቸውን አንጥፈው ሰገዱ። ሲጨርሱ ንጹሕ እጃቸውን ትንሽ አዩትና፣ ጎንበስ ብለው መብረቅን እንደገና አቀፉት።

ያን ሌሊት እኔና ገበሬው በውሃ ጥም አደርን። መብረቅንም ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ስፈታ ሽማግሌው ከጀጎል ግንብ ውጭ የቀበሩበትን አሳዩኝ፤ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ከምረውበታል። ስንት ጊዜ እንደታጠቡ ብጠይቃቸው «እቤቴ ነው የከረመው ልጄ፤ መቁጠሩን ትቼዋለሁ» አሉኝ።

አሁን እሳቸው የሉም፤ እኔም ዕድሜያቸውን ይዣለሁ። ውሻ አላሳደግኩም። የቀትሩ አዛን ሲሰማ ግን አንድ ጣሳ ውሃ ሞልቼ ደጄ ላይ አኖራለሁ፤ የሚታጠብ መንገደኛ አይጠፋም።